ዐሥራ አራተኛው ዘንግ

ጋሽ ናኦል ማክሰኞ ጠዋት ፊታቸውን ሊታጠቡ ጎንበስ እንዳሉ በዚያው ቀሩ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ሲፈን ሲጮሁ ጎረቤት ነኝና ሮጬ ደረስኩ። ራሳቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ ትንፋሻቸውን ሳዳምጥ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለው መሣሪያ ተናገረ።

"ክብርት የክብደት ኃላፊ፣ በቤት ቁጥር አርባ ሁለት ሃምሳ ስምንት ኪሎ ከሕያው ጭነት ወደ ግዑዝ ጭነት ተዛውሯል። እባክዎ ያረጋግጡ።"

ለቀባሪው አረዱት ማለት ይሄ ነው። ሰውዬው እጄ ላይ ናቸው፣ እሱ ለእኔ ይነግረኛል!

ካላረጋገጥኩለት ደግሞ በየሁለት ደቂቃው ይጮሃል። እትዬ ሲፈን ደረታቸውን እየደቁ፣ እኔ በአንድ እጄ የሟቹን ዓይን እየከደንኩ፣ በሌላው መሣሪያውን ተጫንኩለት። ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት ሥራ እንዲህ ያለ ነው።

ስሜ ኤልዳና ነው፤ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። የጨፌ ሙጃ ሙሌት የክብደት ኃላፊ ነኝ። ሙሌት ባቡር ረግረግ ላይ እንዲያልፍ ተብሎ የተከመረ አፈር ነው። የእኛው ርዝመቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ግድም፣ ከፍታው ሦስት ሰው ቢደራረብ የሚያህል ነው። ከሥሩ ያለው መረሬ ነው፤ ያ ክረምት እግር ይዞ የሚያስቀር፣ በጋ ጥጃ የሚውጥ ስንጥቅ የሚከፍት ጥቁር አፈር። እንዲህ ያለ አፈር ላይ ሐዲድ ከማንጠፋቸው በፊት ከባድ ነገር ይጭኑበትና ለዓመታት ይተዉታል፤ ተጨምቆ እስኪረጋ ድረስ። ድሮ የሚጭኑት አሸዋ ነበር። አሸዋ እንደ ልብ በሚገኝበት ዘመን ማለቴ ነው። አሁንማ ወንዞቹ ተቧጠው አልቀው አንድ መኪና አሸዋ በሁለት ጠባቂ ታጅቦ ይሄዳል። ማን ነው ሜዳ ላይ ለዓመታት አሸዋ አስቀምጦ የሚሄድ? መጀመሪያ አስቀምጠው ነበር አሉ። በሦስት ወር ውስጥ ግማሹ የከተማ ሰው ቤት ሆነ።

ስለዚህ ሰው አስቀመጡ።

"አሸዋ ይሰረቃል፤ ሰው ግን ራሱን በራሱ ይጠብቃል" አለን ያኔ የመጣው ኃላፊ፣ ፈገግ እንኳ ሳይል። ሐዲዱ በእርሻችን ሊያልፍ ስለሆነ መሄጃ አልነበረንም። ስልሳ አንድ አባወራ፣ ሁለት መቶ ዘጠና አራት ነፍስ፣ ሙሌቱ ላይ በሁለት ረድፍ ቤት ተሠርቶልን ገባን። መሬቱ ሲረጋ እዚያ ማዶ ድንጋያማው ኮረብታ ላይ ለእያንዳንዳችን ቦታ ይሰጠናል ተባለ። የእኔ ሠላሳ ሰባት ቁጥር ነው። አንዲት ግራር አለችበት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከመስኮቴ አየኋት።

ቅድመ ሁኔታው በጽሑፍ የተሰጠን ነው። መቶ ሰማንያ ቀን በተከታታይ፣ የነዋሪው ጠቅላላ ክብደት ሳይጎድል፣ መሬቱም ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ላይ ሳይነሳ ከቆየ፣ ስንብት፣ ማለትም ወደ ኮረብታው የመውጫ ፈቃድ፣ ይሰጣል። አንዱ ከጎደለ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። ስድስት ወር ምን አላት? ብለን ነበር። አይ አለማወቅ! ክረምት መሬቱ ይነሳል፤ ሁዳዴ ደግሞ እኛ እንከሳለን። ቆጠራው በየዓመቱ ወይ በእሱ ወይ በእኛ ይፈርሳል። ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት የደጃችን ተናጋሪ ሚዛን በዚያ በዜና አንባቢ ድምፁ "ምክንያቱ ያልታወቀ አጠቃላይ የክብደት መቀነስ ተመዝግቧል" ይላል። ምክንያቱ ያልታወቀ! ሁለት ሺህ ዓመት የተጾመ ጾም!

የቀን ኑሯችንን ብነግራችሁ ትስቁ ይሆናል። ሰኞ ሰኞ በደጁ ሚዛን ላይ እንወጣለን፤ በየቤቱም ትንፋሻችንን የሚከታተል ተናጋሪ መሣሪያ ተሰቅሏል። ሚዛኑ የመንደሩ ብቸኛ በር ነው፤ በሌላ በኩል ዙሪያው፣ ግርጌውንና የወንዙን ዳር ጨምሮ፣ አጥር ነው። በአንድ ጊዜ ከሦስት ሰው በላይ መውጣት የለም፤ የወጣውም ምትክ አስገብቶ ነው፤ ወይ ዘመድ፣ ወይ ድንጋይ። ድንጋይ ደግሞ እዚህ ሜዳ ላይ ከየት ይመጣል? በየቤቱ ጀርባ ሁለት ሺህ ሊትር የክብደት ውሃ አለ፤ አይጠጣም፣ አይቀዳም፣ ታሽጓል። በድርቁ ዓመት ያንን ውሃ እያየን ከማዶ ምንጭ በጄሪካን ተሸክመናል። የተሸከምነውንም ሚዛኑ "ጊዜያዊ ጭነት" ብሎ መዝግቦልናል። ሴት ልጅ ስትዳር ሃምሳ ምናምን ኪሎ ወጣ ማለት ነው፤ ስለዚህ ሙሽራው ነው ተጠቅልሎ የሚገባው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይሉ ነበር ድሮ፤ ሙሌቱ ላይ ግን እርጉዝ ማግባት ምስጋና ያስገኛል።

እኔ ደግሞ በየጠዋቱ ዘንጎቹን አነባለሁ። በየመቶ ሜትሩ አንድ የብረት ዘንግ አለ፤ እግሩ ታች መረሬው ላይ ካረፈ ዝርግ ብረት ጋር ተበይዷል፤ አናቱ ከእኛ ጓሮ ብቅ ብሎ ቁጥር ተጽፎበታል። መሬቱ ሲሰምጥ ዘንጉ ይወርዳል፤ መሬቱ ሲያብጥ ይወጣል። ዐሥራ ስምንት ናቸው። ሐምሌ ላይ አንድ ላይ አምስትና ስድስት ሚሊ ይወጣሉ። ያን ጊዜ "ማን ነበር የወጣው?" ተብሎ ይፈለጋል። ይገኛልም፤ የወጣ ሰው መቼ ይጠፋል! አንድ ክረምት የመንታ እናት ሐኪም ቤት ሁለት ሌሊት አድራ መጣች፤ መሬቱ በእሷ ምክንያት ተነሳ ተብሎ እስከ መስቀል ድረስ ያናገራት ሰው አልነበረም። እኔም አላናገርኳትም። ይሄን ስጽፍ ፊቴ ይግላል።

ጋሽ ናኦል ብቻ ናቸው "ኧረ ሰዎች ተዉ" ያሉት።

ጋሽ ናኦል ይሄን መረሬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያረሱ ሰው ነበሩ። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የሚሉት አንድ ነገር ነው። "ኤልዳና፣ መረሬ ክብደት አይገባውም። የሚገባው ውሃ ነው። ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲጠማው ይሰነጠቃል። ዝሆን ብትጭኚበትም ከጠጣ ይነሳል። ውሃውን አውጪለት፤ ከዚያ በኋላ ምንም ብታነጥፊበት ዝም ይላል።"

"ጋሼ፣ ስሌቱ እንደዚያ አይልም" እላቸዋለሁ።

"ስሌቱ አርሶ ያውቃል?"

"አያርስም፤ ግን ጋሼ፣ የሠሩት የተማሩ ሰዎች ናቸው።"

"ይሁና" ብለው ዶማቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

ከሙሌቱ ግርጌ፣ ግራና ቀኝ፣ የውሃ መውረጃ ቦይ እንዲቆፈር ፕላኑ ላይ ነበረ አሉ። ባለሙያዎቹ ለቦዩ የመጣውን ጠጠር አንድ ቀን ለሌላ ቦታ ጭነው ወሰዱት፤ ቦዩም ስንዝር ሳይቆፈር ቀረ። ጋሽ ናኦል ከቤታቸው ጀርባ ባለው ቁልቁለት ወርደው ብቻቸውን ቆፈሩት። አራት ዓመት ፈጀባቸው። ከዐሥራ ሦስተኛው ዘንግ እስከ ዐሥራ አምስተኛው፣ በግራም በቀኝም፣ እስከ ወንዙ ድረስ። የቆፈሩትን አፈር አልጣሉትም፤ በጆንያ ተሸክመው አምጥተው ሙሌቱ ላይ ደለደሉት። ሚዛኑ ግን "ያልተመዘገበ ቁስ" ብሎ አልቆጥርላቸው አለ። ይባስ ብሎ "ያለ ፈቃድ ክብደት ቀንሰዋል" የሚል ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው። ማስጠንቀቂያውን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። አነበቡት፣ አጠፉት፣ ለሚንገዳገደው ጠረጴዛቸው እግር ማስደገፊያ አደረጉት። ሙሌቱ ላይ የማይንገዳገድ ጠረጴዛ የለም።

ከዚያ በኋላ ዐሥራ አራተኛው ዘንግ ክረምት ክረምት አልነሳ አለ። ዐሥራ ሰባቱ አምስትና ስድስት ሚሊ ሲወጡ እሱ ባለበት ይገተራል። እኔ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? "ዘንግ ቁጥር ዐሥራ አራት ተበላሽቷል፣ ይቀየርልን" ብዬ ጻፍኩ። አንዴም አይደለም፤ ሦስቴ! እውነቱን የሚናገረው እሱ ብቻ ነበር፤ እኔ ብልሽት ብዬ መዘገብኩት።

የዛሬ ሁለት ዓመት ደግሞ የጋሽ ናኦል እህት ወሊሶ ላይ አረፈች። ያን ቀን ሦስት ሰው ወጥቶ ነበር፤ አራተኛ አይቻልም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጁ ሚዛን አጠገብ መጡና "ኤልዳና፣ የእናቴ ልጅ ናት" አሉኝ። እኔም "ጋሼ፣ መቶ አርባኛው ቀን ላይ ነን፣ የስልሳ አንድ ቤት ነገር ነው" አልኳቸው። አልተቆጡም። ወደ ወሊሶ ዞረው፣ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ቀኑን ሙሉ እዚያው አለቀሱ። ማታ ሲነሱ "ይሁን። እኔን ስትቀብሩ መቼም ትወጡ የለ" አሉ። በዚያው ሁዳዴ ከስተን ቆጠራው በመቶ ሃምሳ ስድስተኛው ቀን ፈረሰ። ያስቀረኋቸው በከንቱ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ጋሽ ናኦል የሞቱት ሚያዝያ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ቆጠራው መቶ ስልሳ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ነው። ዘንድሮ ሁዳዴን ቄሱ ሳይቀሩ ተልባና ሱፍ እየጠጡ አልፈውታል። ዐሥራ አንድ ቀን ቀርቶናል። ዐሥራ አንድ!

የእድሩ ዳኛ አቶ ኪሩቤል ይባላሉ፤ ቁመታቸው አጭር፣ ነገራቸው ረጅም ነው። ያን ዕለት ግን ንግግራቸው አጭር ነበር። ጡሩምባ አስነፉና "ነገ በአራት ሰዓት ገብርኤል" አሉ። ገብርኤል ኮረብታው ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የአንድ ሰዓት መንገድ።

"ስንት ሰው ነው የሚሄደው?" አልኳቸው።

"ይሄ ምን ጥያቄ ነው? እድር ነው እኮ። ሁሉም ነው።"

"አቶ ኪሩቤል፣ ዐሥራ አንድ ቀን ነው የቀረን።"

"ታዲያ ለማን ብዬ ነው ሰውዬውን ቀባሪ የማሳጣው? ለዘንግ?"

እኔም ዋናው መሥሪያ ቤት ደወልኩ። የክፍላችን ባለሙያ ኢንጂነር ትርንጎ ትባላለች። የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ አሁን እንዲህ ያለ የድሮ ስም ማውጣት ፋሽን ሆኗል። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ያበሳጨኝም እሱ ነው። ክፉ ብትሆን ሰድቤያት ይወጣልኝ ነበር።

"እማማ ኤልዳና፣ በጣም አዝኛለሁ" አለችኝ ከልቧ። "ሥነ ሥርዓቱን ቤታችሁ ሆናችሁ በምስል ብትከታተሉትስ?"

"ልጄ፣ ቀብር እኮ ነው።"

"እሺ፣ ዐሥራ አንዱ ቀን እስኪያልፍ አስከሬኑ ቢቆይስ? ማቀዝቀዣ እንልክላችኋለን።" ከዚያ ደስ አላት። "እንዲያውም እማማ፣ ማቀዝቀዣው ራሱ ሁለት ኩንታል ይመዝናል። ይጠቅማችኋል።"

ስልኩን ዘጋሁት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ከእሷ ጋር ብነታረክ ምን አገኛለሁ?

ረቡዕ ጠዋት መንደሩ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ በሚዛኑ ፊት ተሰለፈ። መጀመሪያ አስከሬኑ ወጣ። ስድስት ሰው የተሸከመው ሳጥን ሚዛኑ ላይ ሲደርስ በሩ አልከፈት አለ።

"ግዑዝ ጭነት፣ ሃምሳ ስምንት ኪሎ፣ ከነማሸጊያው ሰማንያ ሁለት። ምትክ ያስገቡ።"

"ማሸጊያ ይለዋል ሳጥኑን!" አለ ከተሸካሚዎቹ አንዱ።

"ምትክ ያስገቡ።"

እትዬ ሲፈን ከሳጥኑ ኋላ ቆመው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። እኔ በበኩሌ ግራሯን አየኋት፤ ከደጁ በደንብ ትታያለች። ዘጠኝ ዓመት። ከአንድ እንደገና ብንጀምር ክረምት ይደርሳል፤ ከክረምት በኋላ ሁዳዴ፤ ከሁዳዴ በኋላ ክረምት። ከዚያ እኔም በሳጥን እዚሁ ሚዛን ላይ እደርስና ምትክ ያስገቡ እባላለሁ። የደጁ ቁልፍ ያለው እኔ ዘንድ ነው። አውጥቼ ከፈትኩት።

"ማስጠንቀቂያ፦ ቆጠራው ሊቋረጥ ነው።"

"ሂዱ" አልኳቸው። "እኔ ዘንጎቹን ስለማነብ እቀራለሁ።" ይሄንን ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ልማድ ይሆናል። ወይም እትዬ ሲፈንን መቃብር አፋፍ ላይ ማየት ፈርቼ ይሆናል፤ እውነቱን ለመናገር እሱ ነው።

ወጡ። ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡር፣ አራስ ከነልጇ፣ በበሬ ጋሪ የተጫነ በሽተኛ ሳይቀር። ሚዛኑ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ መጨረሻ ላይ "የቀረው ሕያው ጭነት ስልሳ አራት ኪሎ። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን" አለኝ። ስልሳ አራት ኪሎዋ እኔ ነኝ። ወዲያው ቀጠለና "ቆጠራው ተቋርጧል። ቀን፦ ዜሮ" አለ።

እርፍ!

ባዶ መንደር ውስጥ ብቻዬን ቆሜ በዚያ የጠዋት ፀሐይ ሳላፍር አለቀስኩ። ከዚያ መዝገቤን ያዝኩና ወደ አንደኛው ዘንግ ሄድኩ። ጭነቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲነሳ መሬቱ እንዴት እንደሚዘል በዓይኔ ላየው ነው። አነበብኩ፤ የትናንቱ ቁጥር ነው። ሁለተኛው የትናንቱ። ሦስተኛው የትናንቱ። ገና ነው፣ ትንሽ ይቆያል ብዬ ተራመድኩ። ዐሥራ ስምንተኛው ደርሼ ተመለስኩ። አራት ሰዓት ላይ እንደገና አነበብኩ። አምስት ሰዓት ላይ እንደገና። መነጽሬን በነጠላዬ ወልውዬ፣ ተንበርክኬ፣ ጥፍሬን ምልክቱ ላይ አድርጌ አየሁ። ፀጉር ታህል አልተነሳም። ሁለት መቶ ዘጠና ሦስት ሰው ከጀርባው ወርዶለት መሬቱ ነገሬም አላለው።

ዐሥራ አራተኛው ዘንግ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከታች የጋሽ ናኦል ቦይ ይታያል፤ ጠርዙን በሣር አስይዘውታል። እዚያው ተቀምጬ ዘጠኝ ዓመት ያነበብኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባኝ። የመንታ እናቲቱ መሬት አላስነሳችም። ዝናቡ ነው። ከእህታቸው ቀብር የቀሩት ጋሽ ናኦልም በክብደታቸው መሬቱን አልያዙትም። እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ይሄ የአፈር ተራራ ራሱ የስንት ሺህ መኪና ጭነት ነው፤ በእሱ ላይ የእኛ ሥጋ ምን ትጨምራለች? በሬ ላይ የተቀመጠች ዝንብ "ከበድኩህ?" ብላ እንደጠየቀችው ያለ ነገር ነው። ልዩነቱ ዝንቧ ሰው አላስቀረችም።

መዝገቡን ጥዬ ሮጥኩ። በሃምሳ አራት ዓመቴ ያንን ሜዳ ስንጥቅ ስንጥቁን እየዘለልኩ ዳገቱን ወጣሁ። ስደርስ ፍትሐቱ አልቆ አፈር እየመለሱ ነበር። ኮረብታው ላይ ያለው አፈር ቀይና ጠጠር የበዛበት ነው፤ ሲወድቅ ይንኳኳል። በሰው መሐል ተሹለክልኬ እትዬ ሲፈን ጋ ደረስኩ።

"አልተነሳም" አልኳቸው። "እትዬ፣ ሁላችሁም ወጥታችሁ አልተነሳም።"

እትዬ ሲፈን እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

"ነግረውሽ አልነበር?" አሉኝ።

አዎ፣ ነግረውኛል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ነግረውኛል። እዚያው ከእግራቸው ሥር ተደፋሁ። "ተነሺ" አሉኝ፤ "ሰው ያይሻል።" ጎትተው አነሱኝ እንጂ ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፤ እኔም ለመጠየቅ አፍ አልነበረኝም።

ለቅሶ ቤቱ ሙሌቱ ላይ ስለሆነ ሁላችንም ተመለስን። ሚዛኑ አንድ በአንድ እየቆጠረ አስገባን። እኔና እትዬ ሲፈን የመጨረሻዎቹ ነበርን።

"እንኳን ደህና መጣችሁ። ሃምሳ ስምንት ኪሎ ይጎድላል። ክብርት የክብደት ኃላፊ፣ እባክዎ ምክንያቱን ይግለጹ።"

እጄ ወደ መሣሪያው ሄዶ ቆመ። ምን ብዬ ልጻፍ? እትዬ ሲፈን ወደ ሚዛኑ ቀረብ አሉ፤ ሰው የሚያናግሩ ይመስል።

"ይጎድላል" አሉት። "ልክ ነህ፤ ይጎድላል።"

ሚዛኑ መልሱን አልተረዳውም። ሦስት ቀን ሙሉ፣ እስከ ሠልስቱ፣ "እባክዎ ይድገሙት" እያለ ሰነበተ።

በሠልስቱ ማግስት የዐሥራ ስምንቱን ዘንግ ንባብ፣ የዘጠኝ ዓመቱን ዝናብ፣ የዐሥራ አራተኛውን ዘንግ ነገር፣ የጋሽ ናኦልን ቦይ፣ ሰው ያስቀረሁበትን ለቅሶ ሁሉ በዐሥራ ሁለት ገጽ ጽፌ ላክሁ። እንዲህ አድርጌ ጽፌ አላውቅም። በሰባተኛው ቀን መልስ መጣ። አሁንም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ እንኳን እኔ፣ ጎረቤቶቼ በቃላቸው ይዘውታል።

"ጉዳዩ፦ የሕያው ጭነት ስልትን ስኬት ይመለከታል። ሚያዝያ ሃያ ቀን ነዋሪዎች በሙሉ ከሙሌቱ በተነሱበት ወቅት መሬቱ ምንም ዓይነት እንቅስቃሴ አለማሳየቱ፣ ጭነቱ ሥራውን በተሟላ ሁኔታ እንዳጠናቀቀ ያረጋግጣል። ስለሆነም ለስልሳ አንዱ አባወራ ስንብት ተፈቅዷል። ስልቱ ውጤታማ ሆኖ በመገኘቱ በቀጣዩ ሜዳ በመቶ ዐሥራ ሁለት አባወራ ላይ ተግባራዊ ይደረጋል። የካበተ ልምድዎን ከግምት በማስገባት በዚያው የክብደት ኃላፊ ሆነው ተመድበዋል። ያልተሠራውን ቦይ በተመለከተ ያቀረቡት አስተያየት ለወደፊቱ ጥናት በግብዓትነት ተይዟል።"

አቤት ጌታዬ! አንብቤ ስጨርስ ሳቅኩ። ሳቄ አስደንግጧቸው አቶ ኪሩቤል ውሃ አመጡልኝ። ከዚያ ሰው ሁሉ ዕልል አለ፤ ስንብት ነው እኮ! በማግስቱ የታሸገውን የክብደት ውሃ ሰብረው ከፍተው ልብስ አጠቡበት። በሳምንቱ ውስጥ ግማሹ ቤት ፈርሶ ኮረብታው ላይ ወጣ። የመንታ እናቲቱን ቤቷ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ጓዟን አብሬያት ተሸከምኩ።

እኔ ግን ቦታዬን አጥሬ፣ ግራሯን ነክቼ፣ ተመለስኩ። ምድቡን ተቀብያለሁ ስል አቶ ኪሩቤል "አብደሻል?" ብለው ጮኹብኝ። "አሁንም ልትመዝኚ?" ሌሎቹም ደርሰው ተንጫጩብኝ። እትዬ ሲፈን ብቻ ወደ ውስጥ ገቡ፤ ሲወጡ የጋሽ ናኦልን ዶማ ይዘዋል። እጀታው በሟቹ መዳፍ ተወልውሎ ያበራል።

"እሳቸው ላንቺ ነገሩሽ" አሉኝ። "አንቺ ደግሞ ለእነዚያ ንገሪያቸው። ዘጠኝ ዓመት አትቆዪባቸው።"

አዲሱ ሜዳ ላይ የደረስኩት በግንቦት መጨረሻ ነው፤ ዝናቡ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው። ሙሌቱ አዲስ ነው፣ ቤቶቹ አዲስ ናቸው፣ ሚዛኑ ፕላስቲኩ እንኳ አልተላጠለትም። መቶ ዐሥራ ሁለት አባወራ ምን እንደሚጠብቀው ሳያውቅ የሳሎኑን ጠረጴዛ ያስተካክላል። በመጀመሪያው ጠዋት መሣሪያው አንገቴ ላይ ተናገረ።

"ክብርት የክብደት ኃላፊ፣ የመጀመሪያው ምዘና ይጀመር?"

ማንንም አልመዘንኩም። አንድም ሰው ሳይቀር ወደ ግርጌው ቁልቁለት ይዣቸው ወረድኩ፤ ዶማ ያለው ዶማ፣ አካፋ ያለው አካፋ እንዲይዝ ነግሬ። ስለ መረሬ፣ ስለ ውሃ፣ አራት ዓመት ብቻቸውን ስለቆፈሩ አንድ ሽማግሌ ነገርኳቸው። ወንዙ በየት በኩል እንደሆነ አሳየኋቸው። ከዚያ ዶማውን አንሥቼ አሳረፍኩት።

"ማስጠንቀቂያ፦ ያለ ፈቃድ ክብደት እየተቀነሰ ነው" አለ መሣሪያው። ከላይ ሚዛኑ ተቀበለው፤ ከዚያ የየቤቱ መሣሪያ ሁሉ።

ከፊት የነበረች ሴትዮ ደንግጣ አካፋዋን ለቀቀች። "እትዬ፣ ይጮሃል እኮ!"

"ይጩህ" አልኳት። "አንቺ ቆፍሪ።"